ፋይቭ ግራንድ ወይስ ፋይቭ ግራንድስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። በአራዳ እንግሊዝኛ ስናወራ ቃሉን እንዴት እንቆጥረዋለን? የትኛው መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨመርበታል? የትኛውስ አይጨመርበትም? «ቡክ፣ ቡክስ» እየተባለ የተማረ ሰው የዚህን መልስ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አያገኘውም። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ናቸው። ደክሟቸው መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ገጹን ሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ያገለገለ መኪና ልገዛ ሄጄ ሻጩን «አይ ሃቭ ፋይቭ ግራንድስ» አልኩት። ፈገግ ብሎ «ፋይቭ ግራንድ» አለኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሥራ ባልደረባዬን «ቴን ባክ» አበድረኝ ብዬው «ቴን ባክስ ነው የሚባለው» ብሎኝ ነበር። አንዱ «ስ» ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። ሕጉ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ሰዎች ልክ ናቸው። የአንተም ግራ መጋባት ምክንያት አለው።

«ቴን ባክ» ያልከው አማርኛው ስቦህ ነው። እኛ ቁጥሩን ከጠራን በኋላ ስሙን ማብዛት ግድ አይለንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሃምሳ ሎሚዎች፣ ሃምሳ ሰዎች አላልንም። አስር ብር፣ ሦስት ልጅ፣ ሁለት ወንበር እያልን ነው ያደግነው። ሃምሳ ካልን መብዛቱ ታውቋል። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩም ይነገር፣ ስሙም ይብዛ ይላል። «ፋይቭ ግራንድስ» ያልከው ደግሞ ትምህርት ቤት ስቦህ ነው። ከአንድ ከበለጠ «ስ» ጨምር ተብለሃል፣ ጨመርክ።

አሁን ወደ ቃላቱ ልግባ። ባክ ማለት አንድ ዶላር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎችና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሲገበያዩ የአጋዘን ቆዳ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባክ ወንድ አጋዘን ነው። ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ቆዳ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፤ ባክም እንደዚያው። አንድ ሲሆን «አ ባክ»፣ አስር ሲሆን «ቴን ባክስ»። አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ሲሆን «አ ባክ ፊፍቲ» ይባላል። እዚህ ላይ «ስ» የለም፣ «እና» የሚልም ቃል የለም። ስለ መኪና ፍጥነት በሚያወሩ ሰዎች መሀል ከሆንክ ግን ልብ በል። «አ ባክ ትዌንቲ» ካሉ በሰዓት 120 ማይል ማለታቸው ነው።

ግራንድ ሌላ ነው። ግራንድ አንድ ሺህ ማለት ነው። አምስት ሺህ ዶላር በደንበኛው እንግሊዝኛ «ፋይቭ ታውዘንድ ዶላርስ» ነው። «ስ» የተቀመጠው የት ላይ እንደሆነ እይ። ዶላሩ ላይ ነው። «ታውዘንድ» ቁጥር ስለሆነ እንዳለ ቀርቷል። ግራንድ የቆመው በታውዘንድ ቦታ ነው። ዶላሩ ሳይጠራ ይታለፋል። ስለዚህ «ፋይቭ ግራንድ» ብለህ ታቆማለህ። «ፋይቭ ግራንድ ዶላርስ» አይባልም። «ቴን ኬ» ሲሉ አስር ሺህ፣ «ቱ ሚል» ሲሉ ሁለት ሚሊዮን ነው፤ እነዚህም ያለ «ስ» ይሄዳሉ። «ግራንድስ» የሚል ብትሰማ ወሬው ስለ ፒያኖ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ፒያኖ ግራንድ ይባላልና ሁለት ሲሆን «ቱ ግራንድስ» ይሆናል።

ለንደን ዘመድ ካለህ ክዊድ የሚለውን ሰምተህ ይሆናል። ክዊድ አንድ ፓውንድ ነው። አንድም ሆነ መቶ ክዊድ ክዊድ ነው። «ዋን ክዊድ፣ ቴን ክዊድ፣ ፊፍቲ ክዊድ»። የኛም ብር እንግሊዝኛ ውስጥ በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ «ዋን ሀንድረድ ብር» ይባላል። ግን እዚያው ለንደን ፋይቨርና ቴነር የሚባሉ አሉ። ፋይቨር ባለ አምስቱ ወረቀት፣ ቴነር ባለ አስሩ ወረቀት ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው። ኪስህ ውስጥ ሁለት ባለ አምስት ፓውንድ ካለ «ቱ ፋይቨርስ» አለህ፤ ወይም «ቴን ክዊድ» አለህ። ገንዘቡ ያው ነው። አቆጣጠሩ ግን ተለያየ።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገርህ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ባለ አምስት ዶላር፣ አምስት ባለ አንድ ዶላርና የተወሰኑ ኳርተሮች እዘረጋለሁ። ምንድን ነው? እላለሁ። «መኒ» ይላሉ። አንዱ ፈጠን ብሎ «ካሽ» ይላል። ጎሽ እለዋለሁ። ከዚያ «ሃው ሜኒ ካሽ?» ወይስ «ሃው መች ካሽ?» ስል ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ምክንያቱም አማርኛ «ስንት» በምትለው አንዲት ቃል ሁለቱንም ይጠይቃል። ስንት ሰው መጣ? ስንት ገንዘብ አለህ? እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ካሽ አይቆጠርም፣ ስለዚህ «ሃው መች»። ከዚያ አንድ ተማሪ ወደ ጠረጴዛው አስጠራና በጣቱ እያስነካሁ አስቆጥረዋለሁ። ባለ አንድ ዶላሮቹን ሲነካ «ዋን ሲንግል፣ ቱ ሲንግልስ»። ሳንቲሞቹን ሲነካ «ዋን ኳርተር፣ ቱ ኳርተርስ»። አሁን ካሹን ንካ ስለው እጁ አየር ላይ ይቀራል። የቱን ይንካ? ሁሉም ካሽ ነው። አንድ ካሽ፣ ሁለት ካሽ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ የለም። ይህን በእጁ የሞከረ ተማሪ ከዚያ በኋላ «ካሽስ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዶውና ብሬድ የሚባሉትም የካሽ ዘመዶች ናቸው። አንዱ ሊጥ፣ አንዱ ዳቦ ማለት ነው፤ በአራዳው ገንዘብ ናቸው። ብሬድ ዛሬ ብዙ ባይሰማም ዶው ይሰማል። አይቆጠሩም። «አ ሎት ኦቭ ዶው» በል። ቤንጃሚን ግን ይቆጠራል። መቶ ዶላሩ ላይ ያለው ምስል የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለሆነ ባለ መቶው ወረቀት ቤንጃሚን ተባለ። ሦስት ካለህ «ስሪ ቤንጃሚንስ»።

ካሸር የሆኑ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚሳሳቱባት አንዲት ቃል አለች፤ ቼንጅ። ዝርዝር ወይም መልስ ማለት ሲሆን አትቆጠርም። «ዱ ዩ ሃቭ ቼንጅ?» ነው። «ቼንጅስ» ካልክ ለውጦች ሆነ። የተወሰነ ወረቀት ከፈለግክ ስሙን ጥራ፤ «ካን አይ ጌት ፋይቭ ሲንግልስ?»

እንግዲህ ሕጉን ጠይቀኸኛል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ የለም። ያለው ልማድ ነው። «ባክ ማለት ዶላር» ብለህ ደብተር ላይ ከጻፍክ ግማሹን ነው የጻፍከው። «ቴን ባክስ» ብለህ ከነቁጥሩ ጻፈው። ከሥሩ «ፋይቭ ግራንድ»፣ ከዚያ «ሰም ካሽ»። ጆሮህ አንዴ ከለመደው ምላስህ አይሳሳትም። መኪናውን በሰላም ያስነዳህ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህርት። ሻርጃ ውስጥ በአንድ የውበት ሳሎን እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ከህንድ፣ ከፊሊፒንስና ከኬንያ የመጡ ናቸው። «ማይ ስታፍስ»፣ «ኢኩዊፕመንትስ»፣ «ፈርኒቸርስ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔም ለመድኩት። ባለፈው አንዲት እንግሊዛዊት ደንበኛ «ዌር ኢዝ ማይ ስታፍ?» ስትለኝ ሠራተኛዋን የፈለገች መስሎኝ የምትሠራትን ልጅ ጠራሁላት። ለካ ቦርሳና ኮቷን ነው የጠየቀችኝ። እባክሽን ይህን ነገር አፍታቺልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ቃላት ናቸው። በእኛ ጆሮ አንድ ስለሚመስሉ ነው። ሠራተኛ ማለት የሆነው «ስታፍ» አፍ ከፈት ተደርጎ ይነገራል። ዕቃ ማለት የሆነው አጠር ያለ ነው፤ «ስተፍ» ብትዪው ይቀርባል። ከእንግዲህ እኔም እንደዚያ እጽፈዋለሁ።

ስተፍ ልክ የእኛ «ኮተት» ነው። «ኮተቴን ሰብስቤ ልውጣ» እንላለን። ሦስት ኮተት፣ አምስት ግሳንግስ የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቅራቅንቦም አይቆጠርም። ስተፍም አይቆጠርም። ስለዚህ «ማይ ስተፍ» ነው፤ ቦርሳውም፣ ኮቱም፣ ቻርጀሩም፣ ሽቶውም በአንድነት። «ስተፍስ» የለም። መቁጠር ካስፈለገ «ቲንግ» የሚለውን ተጠቀሚ፤ «ስሪ ቲንግስ»። ደንበኛ ዕቃ ረስታ ስትሄድ «ዩ ፎርጎት ሰም ስተፍ» ማለት ትችያለሽ። ምን ምን እንደሆነ ካወቅሽ ግን ስሙን መጥራት ይሻላል። የሠራተኛው ስታፍ ደግሞ የሠራተኞቹ ስብስብ ነው። «አወር ስታፍ» ስትዪ ሁሉንም ጠራሻቸው። ሁለት ሰው ብቻ ለማለት «ቱ ስታፍ ሜምበርስ»።

ባልደረቦችሽን ግን አትውቀሺ። «ኢኩዊፕመንትስ» እና «ፈርኒቸርስ» ህንድም፣ ናይጄሪያም፣ ኬንያም በሰፊው ይነገራሉ። እኛም ሀገር ሞልተዋል። ሳሎን ውስጥ እርስ በርስ ስትግባቡ ችግር የለውም። ሰው እየሰማሽ ባልደረባሽን ማረም ደግሞ ደስ አይልም። ለአለቃ ኢሜይል ስትጽፊ፣ ሲቪ ስታዘጋጂ ግን «ስ» አውጪው። አንድ ወንበር ማለት ከፈለግሽ «አ ፒስ ኦቭ ፈርኒቸር»፣ ወይም በቀላሉ «አ ቼር»።

ለአንቺ ሥራ ከሁሉ የሚብሰው ሌላ ቃል ነው፤ ፀጉር። «ዩር ሄርስ አር ቢዩቲፉል» እንዳትዪ። አማርኛውም «ፀጉርሽ ያምራል» እንጂ «ፀጉሮችሽ ያምራሉ» አይልም። ራስ ላይ ያለው ሁሉ «ሄር» ነው፣ አይቆጠርም፤ «ዩር ሄር ኢዝ ቢዩቲፉል»። የሚቆጠረው ከራስ የተለየችው አንዲት ዘለላ ስትሆን ነው። ሾርባ ውስጥ የተገኘች ለምሳሌ፤ «ዜር ኢዝ አ ሄር ኢን ማይ ሱፕ»። ደንበኛሽን «ሄርስ» ካልሻት በአእምሮዋ የሚመጣው የተበተነ ዘለላ ነው። ሳሎን ውስጥ ይህ ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አራዳ እንግሊዝኛ ቃል ማሳጠር ይወዳል። ያጠረው ቃል የረጅሙን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ኢንፎርሜሽን አይቆጠርም፤ «ኢንፎ»ም አይቆጠርም። «ኢንፎስ» ብለሽ ቴክስት አትላኪ። መርቸንዳይዝ አይቆጠርም፤ «መርች»ም እንዲሁ። ፒክቸር ይቆጠራል፤ ስለዚህ «ሴንድ ሚ ዘ ፒክስ» ትክክል ነው። አፕሊኬሽንም ይቆጠራል፤ «አፕስ»።

ጥያቄ፦ ለተከበርሽው መምህርት። ጡረተኛ ነኝ። ልጄን ልጠይቅ ለንደን ሄጄ ነበር። ኮፊ የማይቆጠር ስም ነው ብለን ተምረናል። ካፌ ስንገባ ልጄ «ቱ ኮፊስ» ብላ አዘዘች። ልጄ ተሳስታለች ወይስ ቋንቋው ተለወጠ?

መልስ፦ አባቴ፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። እርስዎም የተማሩት ልክ ነው። ቡናው እንደ ቡና አይቆጠርም። ካፌ ውስጥ ግን የሚቆጠረው ሲኒው ነው፤ ሲኒው ሳይጠራ ይቀራል። እኛስ «ሁለት ቡና» ብለን አይደል የምናዘው? «ሁለት ሲኒ ቡና» የሚል ጥቂት ነው። «ቱ ቢርስ»ም ይባላል፣ «ቱ ዋተርስ»ም ይባላል። ለንደን ሻይ ሲያዝዙ ደግሞ «ቱ ሹገርስ?» ብለው ቢጠይቁዎት ሁለት ማንኪያ ስኳር ይግባ ወይ ማለታቸው ነው። ወጥ ቤት ሆነው ስለ ቡና ዱቄቱ ከተናገሩ ግን «ሰም ኮፊ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ሃይ ቲቸር! ሀዋሳ ተማሪ ነኝ። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ሁሌ «ሄላ ፒፕል»፣ «ሄላ ትራፊክ» ይላል። ሌላ ጊዜ «አ ባንች ኦቭ»፣ «ተንስ ኦቭ» ይላል። እኔ «ሜኒ» እና «መች» ብቻ ነው የማውቀው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ከ«ሜኒ» እና «መች» ጭንቀት የሚያሳርፍህ ይኸው ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። «አይ ሃቭ መች መኒ» ሰዋስዉ አልተሰበረም፣ ግን እንደዚያ የሚያወራ አታገኝም። አሜሪካኖች ሲያወሩ «መች» የሚሉት ባብዛኛው ሲጠይቁና ሲያፈርሱ ነው። ሲያረጋግጡ «አ ሎት ኦቭ» ይላሉ። «አ ሎት ኦቭ» ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ይሆናል። «አ ሎት ኦቭ ፍሬንድስ»፣ «አ ሎት ኦቭ ስተፍ»። «ተንስ ኦቭ» እና እንግሊዞች የሚወዱት «ሎድስ ኦቭ»፣ አውስትራሊያኖች የሚወዱት «ሂፕስ ኦቭ» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ስሙን ግን አትርሳ። የሚቆጠር ከሆነ አሁንም «ስ» ይፈልጋል። «ተንስ ኦቭ ፍሬንድ» አይሆንም።

«አ ባንች ኦቭ» በመሠረቱ ለሚቆጠር ነው፤ «አ ባንች ኦቭ ጋይስ»። አሜሪካ ውስጥ በወሬ «አ ባንች ኦቭ ስተፍ»፣ «አ ባንች ኦቭ መኒ» ሲባል ትሰማለህ፤ ጆሮ አይቆረቁርም። «አ ካፕል ኦቭ» ግን ጠበቅ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ማለት ስለሆነ ለሚቆጠር ብቻ። «አ ካፕል ኦቭ ባክስ» አዎ። «አ ካፕል ኦቭ ካሽ» በፍጹም።

ሄላ የሰሜን ካሊፎርኒያ ልጅ ነው። የኦክላንድና የአካባቢው ወጣት ይዞት ያደገ ቃል ነው፤ የአክስትህ ልጅም ያመጣው ከዚያው ነው። ትርጉሙ «እጅግ ብዙ» ነው። «ኦቭ» አይከተለውም፤ በቀጥታ ስሙ ላይ ይለጠፋል። ለሁለቱም ዓይነት ስም ይሆናል፤ «ሄላ ካርስ»፣ «ሄላ ትራፊክ»። እዚህ ቨርጂኒያ ብዙም አልሰማውም። ሀዋሳ ሆነህ ማወቁ ጥሩ ነው። መናገሩን ግን ቦታው ስትደርስ ብታደርገው ይሻላል።

የጠቀስከው ትራፊክ ለእኛ ሰው ልዩ ፈተና አለው። አማርኛ ውስጥ ትራፊክ ማለት ፖሊሱ ነው። «ትራፊክ ያዘኝ»፣ «ሁለት ትራፊክ ቆመዋል» እንላለን። ከአንዴ በላይ ተማሪዎቼ «ቱ ትራፊክስ ስቶፕድ ሚ» ብለውኛል። አሜሪካዊ ይህን ቢሰማ ምንም አይገባውም። በእንግሊዝኛ ትራፊክ የመኪናው ፍሰት ነው፣ አይቆጠርም። ያቆመህ ሰው «አ ኮፕ» ነው፤ ሁለት ከሆኑ «ቱ ኮፕስ»። «ፖሊስ» ደግሞ በራሱ ብዙ ቁጥር ነው። «ዘ ፖሊስ አር ሂር» ይባላል። «አ ፖሊስ» አይባልም። አንዱን ለማለት «አ ፖሊስ ኦፊሰር» ወይም «አ ኮፕ»።

ፒፕልም እንደዚያው ነው፤ በራሱ ብዙ ነው። «ፒፕልስ» የሚል ቃል አለ፤ ግን ሕዝቦች ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» የሚለው እንግሊዝኛው ላይ መጨረሻው «ፒፕልስ» ነው። ሠርግ ላይ የመጡትን እንግዶች «ሜኒ ፒፕልስ» ካልካቸው እያንዳንዱን ሕዝብ አደረግከው።

አንድ የምትሰማው ነገር ደግሞ አለ። ሰዎች ሲያወሩ «ዜርስ ቱ ጋይስ አውትሳይድ» ይላሉ። በመጽሐፉ «ዜር አር» መሆን ነበረበት። በአፍ ግን «ዜርስ» ለአንድም ለብዙም ያገለግላል፤ የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ስትሰማ አትደናገጥ፤ ስትጽፍ «ዜር አር» ጻፍ።

ጥያቄ፦ ሄሎ ሚስ፣ አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቲክቶክ ላይ ስለምንሰማቸው ንገሪን፤ ቫይብ፣ ድራማ፣ ቢፍ፣ ቲ፣ ሪዝ፣ ኦራ።

መልስ፦ ውዴ፣ ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የሚቆጠረው ቫይብ ነው፤ ስሜት ወይም ድባብ ማለት ነው። «አ ዊርድ ቫይብ»፣ «ጉድ ቫይብስ»። ቀሪዎቹን «ስ» አትጨምሪባቸው። ሰው ሲያጨቃጭቅሽ «ቱ መች ድራማ»። ከሰው ጋር ቂም ካለሽ «አይ ሃቭ ቢፍ ዊዝ ኸር»። ወሬ ስትጠይቂ «ስፒል ዘ ቲ»፤ ወሬው አንድም ይሁን አስር «ቲ» ነው። ሪዝ ሰውን የመማረክ ችሎታ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው እሱን ነበር። «ሂ ሃዝ ሪዝ» በዪ፤ «አ ሪዝ» አትበዪ። ኦራ ደግሞ ደስ ይላል፤ የሰው ግርማ ሞገስ ማለት ነው። ልጆቹ በሺህ ሲደምሩና ሲቀንሱት ትሰሚያለሽ፤ «ሂ ሎስት አ ታውዘንድ ኦራ»። ቁጥር አለው፣ «ስ» ግን የለውም። ነጥብ ማለት የሆነው «ፖይንትስ» ተውጦ ነው። ሙሉውን ከተናገርሽ «ኦራ ፖይንትስ» ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለመምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልፈተን እየተዘጋጀሁ ነው። ባክስ፣ ግራንድ፣ ስተፍ የሚሉትን ፈተና ላይ መጠቀም እችላለሁ? ይህን ዓረፍተ ነገር እዪልኝ፤ «ማይ ብራዘር ጌቭ ሚ ሜኒ አድቫይሰስ አንድ ቱ ግራንድስ»።

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ ክፍሉ ይለያያል። ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚቆይ ወሬ ነው። ከፈታኙ ጋር ፊት ለፊት ታወሪያለሽ። ስለ ራስሽ ስትናገሪ «ኢት ኮስት ሚ ፊፍቲ ባክስ» ብትዪ ነውር የለውም፤ ቃሉ ከአፍሽ በተፈጥሮ ከወጣ። እንዲያምርብሽ ብለሽ አትሰንቅሪው።

ጽሑፉ ላይ ጠንቀቅ በዪ። ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል የሚጠይቅ ድርሰት ነው። እዚያ ላይ ባክስም፣ ግራንድም፣ ስተፍም አይገቡም። «አ ሎት ኦቭ» ራሱ ቢቀር ይመረጣል። የማይቆጠር ከሆነ «አ ላርጅ አማውንት ኦቭ መኒ»፣ የሚቆጠር ከሆነ «አ ላርጅ ነምበር ኦቭ ፔሸንትስ» በዪ። ሁለቱን አታቀያይሪ፤ «አማውንት» ለበሽተኞች አይሆንም። የኛ ተፈታኞች ነጥብ የሚጥሉት በአራዳ ቃል ሳይሆን በእነዚህ ነው፦ «ሪሰርችስ»፣ «ኤቪደንስስ»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ኖውሌጅስ»። አማርኛው ላይ ጥናቶች፣ ማስረጃዎች፣ መረጃዎች ስለምንል ይመስለኛል። እንግሊዝኛው አንዱንም አያበዛውም። ጥናቶች ለማለት ስትፈልጊ «ስተዲስ» አለልሽ። ጀነራል ትሬኒንግ የሚባለውን የአይልትስ ዓይነት የምትፈተኚ ከሆነ የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ ደብዳቤ ነው። ለጓደኛ ጻፊ ከተባልሽ ቀለል ያለ ቋንቋ ይፈቀዳል። ለመሥሪያ ቤት ከተባልሽ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርሽ። ለጓደኛ ከሆነ እንዲህ ይሁን፦ «ማይ ብራዘር ጌቭ ሚ አ ሎት ኦቭ አድቫይስ አንድ ቱ ግራንድ»። ለድርሰት ከሆነ ደግሞ፦ «ማይ ብራዘር ጌቭ ሚ ዩስፉል አድቫይስ አንድ ቱ ታውዘንድ ዶላርስ»። ሁለተኛው ላይ «ስ» ያለው ዶላሩ ላይ ብቻ ነው። አድቫይስ በሁለቱም ቦታ እንዳለ ቀርቷል። አንድ ምክር ብቻ ነው የሰጠኝ ለማለት ካሻሽ «አ ፒስ ኦቭ አድቫይስ» ጻፊ፤ ሦስት ከሆነ «ስሪ ፒስስ ኦቭ አድቫይስ»። እንደገና ሠርተሽ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።